ከአሶሳ ጋምቤላ፦ በቦሌ በኩል፣ በመኪና ወይስ በቻርተር?

ባለፈው ሳምንት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለችው ትንሿ የቲኬት ቢሯችን አንዲት እናት ገቡ። የአንድ እርዳታ ድርጅት የሒሳብ ኃላፊ ናቸው። አሶሳ ያለውን ቢሯቸውን አይተው በዚያው ወደ ጋምቤላ ሊያልፉ አስበዋል። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ይኸው ልጄ፣ 210 ኪሎ ሜትር ነው ይላል፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለሐሙስ ጠዋት ቁረጥልኝ» አሉኝ።

ስክሪኑ ላይ አሶሳና ጋምቤላ በአንድ ቀጭን መስመር ተያይዘዋል። ርቀቱ ልክ ነው። ሐሙስ ጠዋት በዚያ መስመር ላይ የሚበር መደበኛ አውሮፕላን ግን አልነበረም። ያገኘሁላቸው በረራ ወደ ቦሌ የሚመጣ፣ ከቦሌ ደግሞ እንደገና ወደ ምዕራብ የሚመለስ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በወር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። ከጅንካ አርባ ምንጭ፣ ከጅግጅጋ ጎዴ፣ ከላሊበላ አክሱም። ሰው ካርታውን አይቶ ይመጣና ቲኬቱን ሲያይ ይደነግጣል። ለእኚህ እናት ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ምሳሌዬ አሶሳና ጋምቤላ ናቸው፤ ስሌቱ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

በምን እንመዝን?

ዋናው መለኪያ ከበር እስከ በር የሚፈጀው ጊዜ ነው። ከሆቴላችሁ ከወጣችሁበት ደቂቃ አንሥቶ የምትሄዱበት ቢሮ ወንበር ላይ እስክትቀመጡ ድረስ ያለውን ቁጠሩ። አየር ላይ የምትቆዩበት ጊዜ ከዚህ ትንሹ ክፍል ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይሰላል። አንዳንድ የርቀት ማስያ ገጾች 210 ኪሎ ሜትርን በትልቅ ጄት ፍጥነት ያካፍሉና 15 ደቂቃ ብለው ያስቀምጣሉ። ወደ ክልል ከተሞች ብዙውን ጊዜ የሚበረው ዳሽ 8 ኪው400 ግን ባለ ፕሮፔለር ነው፤ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እዚያ ፍጥነት ላይ ለመድረስ መንደርደርና መውጣት፣ ለማረፍ መውረድና ከሜዳው ጋር መስተካከል አለ። እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ600 አካፍሉ፣ 25 ደቂቃ ጨምሩበት። ከቦሌ ጋምቤላ በቀጥታ መስመር 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል 48 ደቂቃ ይመጣል፤ 25 ሲጨመር 1 ሰዓት ከ13 ደቂቃ። ከእውነተኛው ብዙ አይርቅም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መንገድ ላይ ስንት ሌሊት እንደሚታደር ነው። አንድ ሌሊት ማለት አልጋ፣ እራት፣ አበል፣ ከዚያም የሚቃጠል የሥራ ቀን ነው። ገንዘብም ሲቆጠር ይህን ሁሉ ይዞ ነው፤ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አይቶ «ይሄ ይረክሳል» የሚል ሰው ቆይቶ ይቆጨዋል። ከዚያ እርግጠኝነት ይመጣል፦ ጉዞው ቢሰረዝ ወይም ቢዘገይ ቀጣዩ አማራጭ በስንት ሰዓት ይገኛል? በመጨረሻ የዕቃችሁን ክብደት እዩ።

የመንገድ ፀጥታን ከእነዚህ ጋር አላስቀመጥኩትም። መንገዱ ደኅና ካልሆነ የመኪናው አማራጭ ከናካቴው ይወጣል፤ የሚመዛዘን ነገር የለውም።

ቦሌ በየት በኩል ናት?

ከዋጋ በፊት ይህን ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። የአገር ውስጥ በረራችን እንደ ጃንጥላ ዘንግ ነው፤ ሁሉም ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ዳር ይዘረጋል። አውሮፕላኖቹ የሚያድሩት፣ የሚጠገኑት፣ አብራሪዎቹም የሚኖሩት እዚህ ነው። ከአሶሳ ወደ ጋምቤላ በየቀኑ የሚሄድ ሰባ ሰው ከሌለ ያንን አውሮፕላን በቀጥታ ማመላለስ አያዋጣም።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለቱ ከተሞች ከቦሌ አንጻር አንድ ወገን ናቸው ወይስ ተቃራኒ? ነው። አሶሳና ጋምቤላ ሁለቱም በምዕራብ ናቸው። የሚገርመው ከቦሌ ያላቸው ርቀት እኩል ለማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 475 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህ 210 ኪሎ ሜትሯን ለመሻገር 950 ትበራላችሁ። ከጋምቤላ ወደ ጎዴ የሚሄድ ሰው ግን አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ቦሌ ደግሞ መንገዱ ላይ ናት ማለት ይቻላል። በቀጥታ ቢበር 1025 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቦሌ በኩል 1100። ልዩነቱ ሰባት ደቂቃ ያህል በረራ ነው። የሩቁ ጉዞ ከቅርቡ የቀለለ ሲሆን የምታዩት እዚህ ላይ ነው።

ከአየር ማረፊያዎቹ መገኛ ተነሥቼ ያሰላሁት ይኸው፤ ተጠጋግቷል፦

| ከ – ወደ | ቀጥታ (ኪ.ሜ) | በቦሌ በኩል (ኪ.ሜ) | ስንት እጥፍ |
|---|---|---|---|
| አርባ ምንጭ – ጅንካ | 120 | 780 | 6.5 |
| አሶሳ – ጋምቤላ | 210 | 950 | 4.5 |
| ላሊበላ – አክሱም | 240 | 905 | 3.8 |
| ጅግጅጋ – ጎዴ | 385 | 1080 | 2.8 |
| ጋምቤላ – ጎዴ | 1025 | 1100 | 1.1 |

እጥፉ ከ1.5 በታች ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ በቦሌ ሂዱ። ከ4 በላይ ከሆነ መኪናውን በደንብ አጣሩ። አርባ ምንጭና ጅንካ ላይ ለምሳሌ ክርክር የለም፤ በኮንሶ በኩል ግማሽ ቀን የማይሞላ የመኪና ጉዞ ነው፣ እሱን ትቶ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ መመለስ ድካም ነው። አስቸጋሪዎቹ መካከል ያሉት ናቸው። አሶሳና ጋምቤላ ደግሞ እጥፋቸው ትልቅ ሆኖ ሳለ መኪናው ስለማያስተማምን ይበልጥ ያስቸግራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አየር መንገድ አንዳንዴ በአንድ ዙር ሁለት ከተማ አርፎ የሚመለስ በረራ ያወጣል። ፕሮግራሙም በየወቅቱ ይቀያየራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መነሻና መድረሻችሁን በቀጥታ አስገብታችሁ ፈልጉ፤ የሳምንቱንም ቀኖች ቀያይራችሁ እዩ። ማክሰኞ የሌለ መስመር ቅዳሜ ሊኖር ይችላል።

በቦሌ በኩል

ሰዓቱን እንደምር። ከአሶሳ ከተማ አየር ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ከሆቴል መውጣትን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት። ቼክ ኢንና ፍተሻ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት። በረራው 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ። ቦሌ ላይ ኮኔክሽን (የሚቀጥለውን በረራ) መጠበቅ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ሁለት ሰዓት፣ ካልሆናችሁ አራት። እንደገና 1 ሰዓት ከሩብ። ጋምቤላ ላይ አየር ማረፊያው ከከተማው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ሻንጣ መጠበቁን ጨምሮ አንድ ሰዓት። ጠቅላላው ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ አየር ላይ የሆናችሁት ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ።

ይህ ግን ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቀን ከተያያዙ ነው። የአሶሳውም የጋምቤላውም አውሮፕላን ከቦሌ ጠዋት የሚነሡ ከሆነ እናንተ ከአሶሳ ስትደርሱ የጋምቤላው ሄዷል። ብዙዎቹ የክልል ሜዳዎች የሚሠሩት በቀን ብርሃን ስለሆነ ማታ ሌላ በረራ ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔ አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው፤ ጉዞው ከ24 ሰዓት በላይ ይሆናል።

ቲኬቱን ስትቆርጡ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቡኪንግ አስይዙ። ይህን የምለው ኮሚሽን አገኝ ብዬ አይደለም። በአንድ ላይ የተያዘ ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁት ግን ሁለተኛው ላይ «ኖ ሾው» (ሳይመጣ የቀረ) ተብላችሁ ቅጣቱ የእናንተ ነው። ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ስላለ መዘግየት የተለመደ ነው፤ በዚያ ወቅት ሁለት ሰዓት ኮኔክሽን ላይ መተማመን ያስቸግራል።

ዕቃ ላይም ጥንቃቄ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናት፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፣ ክንፉም ሞተሩም ኃይል ያንሳቸዋል፣ ስለዚህ የሚጫነው ክብደት ሊገደብ ይችላል። ቦሌም በከፍታዋ፣ 2330 ሜትር አካባቢ፣ ያው አየሯ ስስ ነው። ሻንጣ በሚቀጥለው በረራ ሲከተል አይታችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒትና የሥራ ወረቀት በእጅ ይያዝ።

የሚያድር ሰው የት ይደር? ከቦሌ እስከ ስታዲየም 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሩብ ሰዓት ትደርሳላችሁ፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ያው መንገድ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መሐል ከተማ ጉዳይ ካላችሁ ስታዲየም ወይም ለገሃር አካባቢ እደሩ፤ ከሌላችሁ ቦሌ አካባቢ። ፒያሳን ለለመዱ ሰዎች፦ የምታውቁት ሆቴል አሁንም በቦታው መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ፤ አካባቢው ብዙ ተቀይሯል።

ሰዓቱን ስታነቡ

ይህ ከምርጫው ጋር አይያያዝም ትሉ ይሆናል፤ ግን ከጉምና ከዝናብ በላይ ሰው ሲያስቀር ያየሁት ይህ ነው። አምና አንድ ወጣት ደንበኛዬ ቲኬቱ ላይ 07:10 የሚለውን አይቶ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 መሰለው። 5 ሰዓት ላይ ተረጋግቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ተርሚናሉ በር ላይ ቆሞ ደወለልኝ፤ «ስሜ የለም ይሉኛል!» አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ሄዶ፣ አድርሶም ተመልሷል። ጥፋቱ የኔም ነበር፤ ነግሬዋለሁ ብዬ አሰብኩ እንጂ አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቲኬት ኅዳግ ላይ የሐበሻውን ሰዓትና ቀን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ከቲኬቱ ሰዓት ላይ ስድስት ቀንሱ፤ 13:10 ከሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ነው። ቀኑም የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ።

በመኪና

ካርታው ላይ ቅርብ የሚመስለው መንገድ መሬት ላይ ትልቅ ማዕዘን ይሠራል። ከአሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲና በነጆ አድርጎ ወደ ምሥራቅ ጊምቢ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደምቢ ዶሎ ታጥፎ ወደ ምዕራብ ይመለስና ጋምቤላ ይገባል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም፣ ሰማዩም ደረቅ ሲሆን በላንድክሩዘር ሙሉ ቀን፤ በሕዝብ ማመላለሻ መኪና እየቀያየሩ ከሆነ ሁለት ቀን። ማታ መንዳት አይመከርም፤ ስለዚህ ከቀትር በኋላ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ ማደሩ ነው።

በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት የወለጋ መንገዶች በፀጥታ ችግር ብዙ ጊዜ ተቋርጠዋል። አሶሳን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው ዋናው መንገድም በዚያው ነው የሚያልፈው። መኪና የምትመርጡ ከሆነ የሳምንት ወሬ አትመኑ፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ እነሱ ከየትኛውም መግለጫ ቀድመው ያውቃሉ። የድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ የደኅንነት ኃላፊያችሁ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አትነሡ።

መኪና የሚያሸንፈው ብዙ ዕቃ ሲኖር፣ አራት አምስት ሰው አብሮ ሲሄድ፣ በመንገዱ ላይ ባሉ ከተሞችም ሥራ ሲኖር ነው።

ቻርተር

ቻርተር የአውሮፕላን ኮንትራት ታክሲ ነው፤ ችግሩም እንደ ኮንትራት ታክሲ ባዶ የሚመለስበትንም መክፈላችሁ ነው። እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ዘጠኝ አሥር ሰው የሚጭን አነስተኛ አውሮፕላን አሶሳ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ከቦሌ ባዶውን 475 ይመጣል፣ እናንተን ይዞ 210 ይበራል፣ ከጋምቤላ 475 ባዶውን ይመለሳል። ድምሩ 1160 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 310 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ በረራ ትከፍላላችሁ፤ እናንተ የተሳፈራችሁት ግን ለ45 ደቂቃ ያህል ነው። ዋጋ ስትጠይቁ «የሰዓቱ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ባዶውን ጨምሮ፣ ከማረፊያ ክፍያና ከመጠበቂያ ጋር ጠቅላላው ስንት ነው?» በሉ። ስምንት ሰው ሲካፈለው፣ በዚያ ላይ የስምንት ሰው ሆቴልና አበል ሲቀነስለት፣ መጀመሪያ የሰማችሁትን ያህል አያስደነግጥም። ለአንድ ሰው ግን ከሕመምተኛ ማመላለስ በቀር አላየሁትም።

የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ በር አላቸው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚያስተዳድረው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ አየር አገልግሎት ለተመዘገቡ ድርጅቶች ሠራተኞች ይበራል። መስመሩ እንደየፍላጎቱ ስለሚቀያየር መጠየቅ ያለበት በድርጅታችሁ በኩል ነው። እኔ ቲኬቱን አልሸጥም፤ ለሌላ ሰውም አይሠራም።

በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | የሚሸፈን ርቀት | ከበር እስከ በር | ሌሊት | ዋናው ወጪ | የሚያሰጋው |
|---|---|---|---|---|---|
| በቦሌ፣ በአንድ ቀን | 950 ኪ.ሜ | 7.5–10 ሰዓት | የለም | ሁለት በረራ | ኮኔክሽን ማምለጥ |
| በቦሌ፣ አድሮ | 950 ኪ.ሜ | ከ24 ሰዓት በላይ | 1 | ሁለት በረራ፣ አልጋ፣ አበል | የሚቃጠል ቀን |
| በመኪና | ከ500 ኪ.ሜ በላይ | 1–2 ቀን | 0–1 | ነዳጅ ወይም ኪራይ | ፀጥታ፣ ጭቃ |
| ቻርተር | 210 ኪ.ሜ (የሚከፈለው 1160) | 2–3 ሰዓት | የለም | ባዶ በረራ | ፈቃድ፣ አየር ጠባይ |

ለማን የቱ?

በራሱ ኪስ ለሚሄድ፣ ለምሳሌ ዘመድ ጥየቃ ወይም ምደባ ለተቀየረበት መምህር፣ ከአሶሳ አዲስ አበባ አድሮ መቀጠሉ ይሻላል፤ ዘመድ ቤት ካለ ደግሞ ወጪው ሁለት ቲኬት ብቻ ነው። የተወሰነ ቀን ስብሰባ ያለበት ሰው ከስብሰባው አንድ ቀን ቀድሞ ይግባ፤ የጠዋቱ በረራ በሰዓቱ ይደርሳል ብሎ ለ4 ሰዓት ስብሰባ የሚቀጥር ሰው ጉም አይቶ አያውቅም ማለት ነው። የስድስት ሰው ቡድን ይዛችሁ ጊዜ ካጠራችሁ ቻርተር አስጠይቁ። ብዙ ዕቃ የሚያጓጉዝ ነጋዴ ዕቃውን በመኪና ልኮ ራሱ ቢበር ይሻለዋል።

ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቅ፦ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ጉዞ ማያያዙ ለምን አስፈለገ? በቦሌ መመለሱ ካልቀረ የሚታደረው ቤት ነው። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሰው አልጋ የሚከፍልበት ሌሊት ለአዲስ አበባ ሰው የገዛ አልጋው ነው። የሰኞ ሪፖርት ያስገባል፣ ልብስ ይቀይራል፣ በማግሥቱ ይቀጥላል።

ለእናትየዋም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ «ሁለቴ አውሮፕላን?» አሉ። ወረቀት አውጥቼ ሦስቱን ነጥብ ሣልኩላቸው፤ ቦሌ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ፣ ሁለት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ ትንሽ አሰቡ።

«እኔኮ» አሉ፣ «ከአሶሳ ማንጎ ሳልይዝ አልመለስም። ይዤው ጋምቤላ ድረስ ልዞር ነበር።»

ሐሙስ ከአሶሳ የሚመጣውን፣ ዓርብ ጠዋት ወደ ጋምቤላ የሚሄደውን ቆረጥኩላቸው። ኅዳጉ ላይ የሐበሻውን ሰዓት ጻፍኩ። ማንጎው ሐሙስ ማታ ቤታቸው ይወርዳል።